ታኅሣሥ 29 የማን ቀን ነው?

በሮቤ፣ በጎባ፣ በሲናና፣ በአጋርፋ፣ በዲንሾና በዙሪያው የምትገኙ ወገኖች፣ ይህን ትምህርት በሬዲዮ ካቀረብን በኋላ «በጽሑፍ አድርጉልን» ብላችሁ ደጋግማችሁ ስለ ጠየቃችሁን እነሆ በዚህች ትንሽ ትራክት አዘጋጅተነዋል። በውስጧ የምታገኟቸው ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የጀመረው በአንዲት እናት ነው። በአንድ የገና ማግስት አንዲት የጎባ እናት ወደ ቤተ ክርስቲያናችን መጡ። እርሳቸው ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ልጃቸው ግን ጌታን ተቀብሎ ሮቤ ላይ ከእኛ ጋር ያመልካል። ነጠላቸውን አስተካክለው ቁጭ አሉና፣ «ፓስተር፣ ልጄን ምን አስተማራችሁብኝ?» አሉኝ።

«እማማ፣ ምን ሆኑ?» አልኳቸው።

ጾሙን ጾመው፣ ዶሮውን ሠርተው ልጃቸውን ቢጠብቁት ቀረ። ሥራ ይዞት ይሆናል ብለው ምግቡን በሰሃን ቋጥረው በታናሽ እህቱ እጅ ላኩለት። እርሱ ግን «የፀሐይ ጣዖት ምግብ አልበላም» ብሎ እንዳለ መለሰው። እናትየዋ እያለቀሱ «እኔ በዕድሜዬ ለፀሐይ ሰግጄ አላውቅም፤ ዛሬ ልጄ ጣዖት አምላኪ አደረገኝ» አሉ።

ልጁን አስጠራሁት። ስልኩን አወጣና አንድ ቪዲዮ አሳየኝ። ገና ማለት የሮማውያን የፀሐይ አምላክ ልደት ነው፣ ክርስቲያኖች ስሙን ብቻ ቀይረው ወሰዱት ይላል። አይቼ ልገሥጸው ስል እርሱ ቀደመኝ፤ «ፓስተር፣ እርስዎም እኮ ድሮ እንዲህ ብለው አስተምረውናል» አለኝ።

ወገኖቼ፣ እውነቱን ነው። ከመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ እንደ ወጣሁ፣ ገና ትኩስ አገልጋይ ሳለሁ፣ አንዲት ቀጭን መጽሔት አንብቤ ይህንኑ በመድረክ ላይ ጮኼ ሰብኬያለሁ። ሰው «አሜን» አለኝ፤ እኔም ደስ አለኝ። አልመረመርኩም ነበር። ስለዚህ ዛሬ የምጽፈው ለዚያ ወጣት ብቻ አይደለም፤ የራሴንም ስብከት ለማረም ነው።

እውነት የሆነውን እንቀበል

ክርስቲያን ታሪክን አይፈራም። ከቪዲዮው ውስጥ እውነት የሆነውን አስቀድመን እንቀበል።

ክረምት ስንል እኛ ሐምሌና ነሐሴ፣ ጭቃና ደመና ነው ትዝ የሚለን። ለአውሮፓ ሰው ግን ክረምት ታኅሣሥና ጥር ነው። ሮም ከተማ ላይ በዚያ ወቅት ቀኑ ወደ 9 ሰዓት ያጥራል፤ በሰኔ ደግሞ ወደ 15 ሰዓት ይረዝማል። ወደ ስካንዲኔቪያ ስትወጡ ፀሐይ ወጥታ እስክትጠልቅ 6 ሰዓት ብቻ የሚሆንበት አገር አለ። እኛ ሮቤ ላይ በዓመቱ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ስለዚህ የእኛ አባቶች «ዝናብ ቀረ» ብለው ተጨንቀው ይሆናል እንጂ «ፀሐይ ልትጠፋ ነው» ብለው አልተጨነቁም። የእነዚያ አገር ሰዎች ግን ቀኑ እያጠረ እያጠረ ሲሄድ ይፈሩ ነበር፤ መልሶ መርዘም ሲጀምር ደግሞ ይደግሱ ነበር። የክረምት አጋማሽ በዓል ምንጩ ይህ ነው፤ የጨለማ ፍርሃትና የብርሃን ተስፋ።

ሮማውያን ሳተርን ለሚሉት የዘር አምላካቸው ከዲሴምበር 17 ጀምሮ ሳተርናሊያ የሚባል በዓል ያከብሩ ነበር። ዓመቱን ሙሉ የጣዖቱ እግር በሱፍ ገመድ ታስሮ ይቆይና በዚያን ቀን ይፈታል። ፍርድ ቤት ይዘጋል፣ ቁማር ይፈቀዳል፣ ሰዎች ሻማና ትናንሽ የሸክላ ምስሎች ይሰጣጣሉ፣ ጌታ ከባሪያው ጋር ለማዕድ ይቀመጣል፤ እንዲያውም ባሪያውን የሚያስተናግድበት ቤት ነበረ። በዓሉ ሲበቃው ግን ባሪያው ያው ባሪያ ነው።

በ274 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሠ ነገሥት ኦሬሊያን «የማይሸነፈው ፀሐይ» ለሚባለው አምላክ በሮም ትልቅ መቅደስ ሠራ፤ ካህናትም ሾመለት። በሰሜን አውሮፓም ዩል የሚባል የክረምት ድግስ ነበረ፤ ከብት ይታረዳል፣ ደሙ ይረጫል፣ ለጣዖታቱ ጽዋ ይነሣል። በ10ኛው መቶ ዘመን የነበረው የኖርዌይ ንጉሥ ሆኮን፣ እርሱ ራሱ ክርስቲያን ነበረና፣ ዩል ከክርስቶስ ልደት በዓል ጋር በአንድ ጊዜ እንዲከበር እንዳዘዘ የአገሩ የነገሥታት ታሪክ ይተርካል።

እንግዲህ የጣዖት በዓል በዚያ ወቅት አልነበረም የሚል ካለ ተሳስቷል። ነበረ።

ቪዲዮው ያልነገረን

ነገር ግን «ነበረ» ማለትና «የእኛ በዓል ከዚያ ተወለደ» ማለት አንድ አይደለም።

አንደኛ፣ ዲሴምበር 25 የማይሸነፈው ፀሐይ ልደት መሆኑን የሚናገረው ዋናው ማስረጃ በ354 ዓ.ም. በሮም የተዘጋጀ የቀን መቁጠሪያ ነው። በዚያን ቀን 30 የሠረገላ እሽቅድምድም ይደረግ እንደ ነበር ተጽፎበታል። የሚገርማችሁ ግን በዚያው መጽሐፍ ውስጥ፣ በሌላው ዝርዝር ላይ፣ ክርስቶስ በዚሁ ቀን በቤተልሔም እንደ ተወለደ ተመዝግቧል። ሁለቱም በአንድ ጥራዝ ውስጥ! ታዲያ ማን ከማን ወሰደ? የታሪክ ሊቃውንት ዛሬም በዚህ ይከራከራሉ፤ ቪዲዮው ግን ክርክር መኖሩን እንኳ አልነገረንም።

ሁለተኛ፣ ቀኑ የተገኘው በስሌት ነው የሚሉ አሉ፤ የዚህ ስሌት ዱካ ደግሞ እዚሁ በእናትየዋ ቤት ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ውስጥ አለ። አውግስጢኖስ እንደ ጻፈው በጥንት ክርስቲያኖች ዘንድ ጌታ የተፀነሰው በማርች 25 ነው፣ የሞተውም በዚያው ቀን ነው የሚል አሳብ ነበር። ከዚያ ዘጠኝ ወር ቆጥራችሁ ዲሴምበር 25 ትደርሳላችሁ። ያ ማርች 25 በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 29 ነው፤ የኦርቶዶክስ ወገኖቻችን የጌታን ፅንሰት የሚያስቡበት ቀን። ከመጋቢት 29 እስከ ታኅሣሥ 29 ጳጉሜን 5ን ጨምራችሁ ቁጠሩ፤ 275 ቀን ይሆናል። ጳጉሜን 6 በሆነች ዓመት ማግስት ገና ታኅሣሥ 28 ቀን የሚውለው ለምን እንደ ሆነ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ያው 275 ቀን እንዳይዛነፍ ነው። ይህ የእርግዝና ቆጠራ ነው። ለፀሐይ የሚያከብር ሰው ይህን ሁሉ መቁጠር ምን ያደርግለታል?

ሦስተኛ፣ ዩልዮስ ቄሣር አቆጣጠሩን ሲያወጣ አጭሩ ቀን ዲሴምበር 25 ላይ ይውላል ተብሎ ነበር። ያ አቆጣጠር ግን ዓመቱን በ11 ደቂቃ ያህል አስረዝሞታል፤ ደቂቃው በዘመናት ብዛት ተጠራቅሞ ቀን ሆነ። ዛሬ አጭሩ ቀን የሚውለው በታኅሣሥ 12 ገደማ ነው። እኛ ገናን ስናከብር ፀሐይዋ ከተመለሰች ሁለት ሳምንት አልፏታል። የፀሐይ ልደት ነው ከተባለ እንግዲህ ቀኑ አልፎበት ነው የምናከብረው ማለት ነው!

አራተኛ ደግሞ ለእኛም የሚቆረቁር እውነት አለ። ሐዋርያት ልደትን አክብሩ ብለው አላዘዙም። በ3ኛው መቶ ዘመን የእስክንድርያው ኦሪጀን የልደት ቀን ማክበርን ይነቅፍ ነበር፤ በመጽሐፍ ቅዱስ ልደታቸውን ሲያከብሩ የምናያቸው ፈርዖንና ሄሮድስ ናቸው ይል ነበር። ዮሐንስ አፈወርቅም በ386 ዓ.ም. በአንጾኪያ ሲሰብክ ይህ በዓል በከተማው ከታወቀ ገና አሥር ዓመት አልሞላውም ብሏል። ስለዚህ ማንም ተነሥቶ «ካላከበርክ ክርስቲያን አይደለህም» ሊል አይችልም።

ተመሳሰለ ማለት ተወለደ ማለት አይደለም

አንድ የአገራችንን ምሳሌ ልስጣችሁ። የባሌ ገበሬ ሁለት አዝመራ አለው። አንዱን በኦሮምኛ «ቦና» ይለዋል፤ በታኅሣሥ ኮምባይነር ሲናና ሜዳ ላይ የሚያጭደው ስንዴ የቦና ነው። ሌላውን «ገና» ይለዋል፤ በመጋቢት ዝናብ ተዘርቶ በሐምሌ የሚሰበሰበው። አሁን አንድ ሰው ቪዲዮ ሠርቶ «የክርስቲያኖች ገና ከኦሮሞ የዝናብ ወቅት የተወሰደ ነው፤ ስሙ ራሱ ይመሰክራል» ቢል ምን ትሉታላችሁ? ትስቃላችሁ። ምክንያቱም የበዓሉ ስም «ልደት» ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው፤ የገበሬው ገና ደግሞ ዝናብ ነው። ድምፁ አንድ፣ ሥሩ ሁለት።

ሌላም ልጨምር። አባቶቻችን በገና ዕለት በሜዳ ላይ ዱላ ይዘው ሩር ሲመቱ፣ ጌታው በአሽከሩ ቢገፋና ቢመታ እንኳ አይቆጣም ነበር። በሳተርናሊያም ጌታና ባሪያ እኩል ይቀመጡ ነበር ብለናል። ታዲያ የእኛ እረኞች ጨዋታውን ከሮም ተማሩት? የሰው ልጅ የትም ቦታ ቢሆን በጌታና በሎሌ መካከል ያለው ሸክም ይከብደዋል፤ ለአንድ ቀን እንኳ ሊያወርደው ይፈልጋል። መመሳሰሉ ከዚህ ነው። ይህንን ሸክም ለአንድ ቀን ሳይሆን ለዘላለም ያወረደው ግን የባሪያን መልክ ይዞ የተወለደው ጌታ ብቻ ነው። ፊልጵስዩስ 2ን አንብቡ።

«ኤርምያስ 10 ስለ ገና ዛፍ ይናገራልሳ?» የሚለኝ አለ። ቁጭ ብላችሁ ምዕራፉን አንብቡት። ነቢዩ የሚናገረው ከዱር ተቆርጦ፣ ባለሙያ ጠርቦት፣ በብርና በወርቅ ተለብጦ ስለሚሰገድለት ምስል ነው። የገና ዛፍ ከጀርመን አገር የመጣ፣ ከኤርምያስ ሁለት ሺህ ዓመት በላይ ዘግይቶ የታወቀ ልማድ ነው። ዛፉን ባትወዱት አትትከሉት፤ እኔም ቤቴ የለኝም። ነቢዩን ግን ያላለውን አታስብሉት።

ጌታ የተገኘበት የክረምት በዓል

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ዮሐንስ 10፥22 እና 23ን ስንቶቻችን ልብ ብለነዋል? በኢየሩሳሌም የመቅደስ መታደስ በዓል ነበረ፤ ወቅቱም ክረምት ነበረ፤ ጌታ ኢየሱስም በመቅደስ፣ በሰሎሞን መመላለሻ ይመላለስ ነበር። ይህ በዓል በሙሴ ሕግ ውስጥ የለም። ከየት መጣ?

በ167 ከክርስቶስ ልደት በፊት አንጥያኮስ የሚባል የግሪክ ንጉሥ የእግዚአብሔርን መቅደስ አረከሰ። በመሠዊያው ላይ የጣዖት መሠዊያ ሠርቶ፣ ኪስሌው በሚባለው ወር በ25ኛው ቀን ለጣዖት መሥዋዕት አስቀረበበት። ኪስሌው የእኛ ኅዳርና ታኅሣሥ የሚገናኙበት ወር ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ይሁዳ መቃቢስና ወንድሞቹ ኢየሩሳሌምን አስለቅቀው መቅደሱን አነጹ፣ አዲስ መሠዊያም ሠሩ። ለእግዚአብሔር የቀደሱት በየትኛው ቀን መሰላችሁ? በኪስሌው 25! አሕዛብ ባረከሱበት በዚያው ቀን። በግሪክ የተጻፈው የመቃብያን ታሪክ ይህን በግልጽ ይናገራል። መጽሐፉን እኛ ከ66ቱ አንቆጥረውም፤ ለታሪክ ግን ይጠቅመናል።

ልብ በሉ! «ይህ ቀን የጣዖት ደም የፈሰሰበት ነው፤ ሌላ ቀን እንፈልግ» አላሉም። ቀኑን ከጣዖት እጅ ነጥቀው ለባለቤቱ መለሱት። ሁለት መቶ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላም የእግዚአብሔር ልጅ ራሱ በዚያ በዓል፣ በዚያ ብርድ፣ በዚያ መቅደስ ተገኘ። አልሸሸም። የቀኑን ታሪክ አላጣም፤ ከማናችንም በላይ ያውቀዋል።

ቀን ሁሉ የእግዚአብሔር ነው። ዘፍጥረት 1 ላይ ሙሴ ፀሐይን በስሟ እንኳ አይጠራትም፤ «ታላቁ ብርሃን» ብሎ ያልፋታል፤ በአራተኛው ቀን የተሰቀለች መብራት ናት። መብራት የልደት ቀን የላትም። ጣዖት ቀን ቢሰርቅ ሌባ ይሆናል እንጂ ባለቤት አይሆንም።

እውነተኛው ጣዖት የት አለ?

ይህን ስል «እንግዲያው ሁሉም ነገር ልክ ነው» ማለቴ እንዳይመስላችሁ። በ5ኛው መቶ ዘመን የሮም ጳጳስ የነበረው ሊዮ በልደት በዓል ስብከቱ ላይ ሕዝቡን ገሥጿል። ለምን? ክርስቲያኖቹ ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ደረጃውን ወጥተው ሊገቡ ሲሉ፣ ዞር ብለው ለምትወጣዋ ፀሐይ ጎንበስ ይሉ ነበር። እዩ እንግዲህ! በዓሉ የክርስቶስ ነው፣ ቤቱ የጸሎት ቤት ነው፤ ልባቸው ግን ደረጃው ላይ ቀርቷል። ችግሩ ከቀን መቁጠሪያው አልነበረም።

እስቲ የእኛን ደረጃ እንይ። ያንን ወጣት አንድ ጥያቄ ጠየቅሁት፤ «አንተ ባለፈው ዓመት መጨረሻ ለሕመምህ ጠንቋይ ያዘዘልህን ቀይ ዶሮ ያረድከው ስንት ቀን ነበር?» አልኩት። አንገቱን ደፋ። ቀኑ ተራ ቀን ነበር፤ በየትኛውም ቪዲዮ ላይ አልተከሰሰም። ጣዖቱ ግን እዚያ ነበረ።

ስንቶቻችን ነን ታኅሣሥ 29ን እየፈራን የዶሮ መልክ የምናማርጥ? ስንቶቻችን ነን የእናታችንን ወጥ መልሰን፣ ለአድባር የሚፈስሰውን የመጀመሪያ ቡና ዝም ብለን የምናይ? በዓል ደርሷል ብሎ ልጆቹ ሳይበሉ ደመወዙን በመጠጥ የሚጨርስ፣ ጎረቤት እንዳይንቀኝ ብሎ ተበድሮ በሬ የሚጥል፣ እርሱ ነው ሳተርናሊያን የሚያከብር። ፍርሃት፣ ስካርና ታይታ፤ የክረምቱ ጣዖት ሥራው እነዚህ ነበሩ፤ ዛሬም እነዚሁ ናቸው። ታኅሣሥ 30 ቀንም ይሠራሉ።

በዓሉን ባላከብር የሚል ወንድም ወይም እህት አለ? ሮሜ 14 ነፃ ያወጣሃል። ጳውሎስ ቀንን የሚለይም ለጌታ ይለይ፣ የማይለይም ለጌታ ይተው፣ አንዱም በሌላው ላይ አይፍረድ ብሎናል። ከእምነት አባቶቻችን መካከል ፒዩሪታን የሚባሉት በዓሉን ትተውት ነበር። እንግሊዝ ውስጥ በ1647 ዓ.ም. ፓርላማው ሻረው፤ በአሜሪካ ማሳቹሴትስ በ1659 ዓ.ም. ያከበረ ሰው 5 ሺሊንግ እንዲቀጣ ታወጀ። ከ22 ዓመት በኋላ ግን ሕጉ ተሻረ። ኅሊናን ለጌታ መጠበቅ መልካም ነው፤ ኅሊናህን የሌላው ሰው መቀጫ ስታደርገው ግን ሕግ እንጂ ወንጌል አይሆንም። እናትህን አክብር የሚለው ቃል ደግሞ በጽላቱ ላይ ተጽፏል፤ እንደ ቀን ጉዳይ ለየኅሊናችን የተተወ አይደለም።

ወደ ጎባ

በሳምንቱ ያንን ወጣት ይዤ ከሮቤ በሚኒባስ ወደ ጎባ ሄድን። መንገድ ላይ ብዙ አላወራንም። እናትየዋ በር ላይ ሲያዩን ዝም አሉ። እርሱ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል፣ «ተነሥ፣ አንተ ልጅ፤ ብርድ ነው ግባ» አሉት። እኔም በበኩሌ፣ «እማማ፣ ድሮ ሳልመረምር ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። ዶሮው ካለቀ ቆይቷል። ሽሮ አቀረቡልን። ባርኩልን ሲሉኝ ልጁ «እኔ ልጸልይ» አለና ስለ ማዕዱ፣ ስለ እናቱ፣ ስለ ተወለደውም ጌታ አመሰገነ። በዓሉን አከብራለሁ አላለም፤ እኔም አላስገደድኩትም። የእናቱን እንጀራ ግን በላ።

አንባቢ ሆይ፣ ታኅሣሥ 29 የማን ቀን ነው ብለህ ስትጠይቅ፣ ከዚያ አስቀድሞ አንተ የማን ነህ? በጨለማ ለሚሄድ ሕዝብ ብርሃን እንደሚወጣ ኢሳይያስ 9 ላይ ተነግሮ ነበር፤ ያም ብርሃን በዓመት አንዴ የሚያጥርና የሚረዝም አይደለም። ለጠንቋይ የገበርከው፣ የምትፈራው ቀን፣ የተጣላኸው ቤተሰብ ካለ ዛሬውኑ ወደ ኢየሱስ ና። ከዚያም ተነሥና ወደ እናትህ ቤት ሂድ።

እንጸልይ። ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ በብርድ ሌሊት ስለ እኛ ተወለድህ፤ ተባረክ። ካልመረመርነው ትምህርትና ከማያድን ፍርሃት አድነን። ዘመናችንን ሁሉ፣ በዓሉንም አዘቦቱንም፣ ከሌባው እጅ አስመልሰህ ለራስህ ቀድሰው። አሜን።

ጌታ ይባርካችሁ።